ለአንድ ጎሽ ሁለት መነጽር

ጠመንጃዋ ብረት መያዣው ሞርሳ ላይ ታስራለች፤ አፈሙዟ ወደ በሩ ዞሯል። ጠመንጃ ጠጋኙ ሽማግሌ ሁለት አነጣጣሪ መነጽሮች አሮጌ ፎጣ ላይ ጎን ለጎን አጋድመዋል። አንደኛው ክንድ የሚያህል፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሃያ አምስት እጥፍ የሚያቀርብ ነው። ሌላው አጭር ነው፤ ቀለሙ ተላልጧል፣ የሚያቀርበውም ስድስት እጥፍ ብቻ ነው።

«ትልቁን» አሉ ሽማግሌው።

«ትንሹን» አለች ምራታቸው፣ ትልቁን ወደ ጎን ልትገፋ እጇን እየዘረጋች።

«በፎጣው ያዢው! እንዳይጫር።»

ምራትየዋ የዱር አራዊት ጥበቃ ተኳሽ ናት። ሰው ያስቸገረ አውሬ ሲኖር የምትጠራው እሷ ናት። ባልደረቦቿ «አንዴ» ይሏታል፤ ሁለተኛ ጥይት ስትተኩስ ያያት የለም። ጣቷ ቃታ ላይ ካረፈ ሳትተኩስ አይነሣም ይባላል። እሷም ሲባል ስትሰማ «ተው እንጂ» ብላ አታውቅም።

ያን ቀን የተጠራችው ግን ለራሷ ሰው ነው። የወንዝ ውኃ የሚለካው ባሏ፣ የሽማግሌው አንድ ልጅ፣ ከወንዙ ማዶ እየሠራ ሳለ ደራሽ ውኃ ድልድዩን ጠርጎ ወሰደው። ሲሸሽ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። የሬዲዮው ባትሪ ከማለቁ በፊት ለመሥሪያ ቤቱ የነገረው ሁለት ነገር ነበር፤ እሱ ገደሉ ወገብ ላይ ተጠግቷል፣ ከሥሩ ያለው ምንጭ ላይ ደግሞ የቆሰለ ጎሽ ተኝቶ ወደ ውኃው መውረጃ ነስቶታል። የያዘው ውኃ እያለቀ ነው። ጎሹ ካልተገደለ ጥሙ ይገድለዋል።

የቆሰለ ጎሽን ቄጠማ ውስጥ ገብቶ መጠጋት ደግሞ ሞት ቤት ድረስ ሄዶ በሩን እንደማንኳኳት ነው። ያለው ምርጫ ከወንዙ ወዲህ ሆኖ፣ ከአምስት መቶ ሜትር በላይ መተኮስ ነው። ለዚያ የምትበቃው ይቺው ጠመንጃ ብቻ ናት። እሷ ደግሞ ነገረኛ ናት፤ በተኮሰች ቁጥር ወደ ኋላ ዘልላ ትከሻ ትደበድባለች። ሽማግሌው «ምራቴ» ይሏታል፣ ሲነኳት መልስ አታጣም ብለው። ምራትየዋም በበኩሏ «አማቴ» ትላታለች።

ትልቁ መነጽር ዓይን በጣም ካልተጠጋው የሚያሳየው ጥቁር ብቻ ነው። ግቢ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ሲሞከር ጠመንጃዋ እንደ ልማዷ ዘለለች፤ የመነጽሩ ጠርዝም የተኳሿን ቅንድብ ሰነጠቀው።

«ቁስሉ ትንሽ ነው» አሉ ሽማግሌው ፕላስተር እየለጠፉ።

«ቅንድቡ የእርስዎ ስላልሆነ ነው፣ አባባ። ትንሹ እኮ ዓይኔን ባርቅም ያሳየኛል።»

«ምን ያሳይሻል? ጎሹንና ድንጋዩን እንኳ አትለዪበትም። እዚያ ያለው ልጄ ነው። የጎሹን ጠጉር ቆጥረሽ ተኩሺ።» ሽማግሌው ፈርተዋል፤ የፈራ አባት ደግሞ ከሱቁ ውስጥ ውዱን ዕቃ ያነሣል።

እሷንም አሳዘኗት። «እሺ» አለች። ትልቁ ተገጠመ። ትንሹን ግን፣ እሱም ከነማሰሪያው በዚያው ግቢ ተተኩሶበት ስለተስተካከለ፣ ሽማግሌው ጀርባቸውን ሲሰጡ በካልሲ ጠቅልላ ኮቷ ውስጥ ከተተችው።

በቅሎዋን ጭነው ወጡ። ሸንተረሩ ላይ ሲደርሱ ሰማዩ ጠቆረ፤ በረዶ እንደ ጠጠር ይወርድባቸው ጀመር። መንገዱ ጭቃ ሆነ። ምራትየዋ ኮረብታውን እየቧጠጠች ወጣች፤ ሽማግሌው ከኋላ የበቅሎዋን ጭራ ይዘው ተጎተቱ።

«አባባ፣ ይመለሱ! ደከሙ እኮ!»

«የደከመው ጉልበቴ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም!»

ከሸንተረሩ ማዶ ገባር ወንዝ ጠበቃቸው። ደፍርሷል፤ እስከ ደረት ይደርሳል። ጠመንጃዋን ጀርባዋ ላይ አጥብቃ አስራ ገባች። በቅሎዋ መሃል ላይ ስትደርስ እግሯን ተክላ ቆመች። ግንድ መስሎ የተጋደመው ነገር ተንቀሳቀሰ።

«አዞ! የበቅሎዋን ገመድ ይሳቡ!»

በቅሎዋ ተፈናጠረች። የአዞው መንጋጋ የሳተው የበቅሎዋን እግር እንጂ ኮርቻዋን አልነበረም፤ ኮርቻው ላይ የተንጠለጠለው ከረጢት ተቦጭቆ ሄደ። ሽማግሌው ሰመጡ፣ ብቅ አሉ፣ እንደገና ሰመጡ። እሷም በኮሌታቸው ይዛ እየጎተተች ዳር አወጣቻቸው።

«ምን ሄደ?» አሉ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ።

«ስንቁና የእጅ መነጽሩ።»

«ጠመንጃዋስ?»

«ጀርባዬ ላይ ናት።»

«እንግዲያው ምንም አልሄደም» ብለው ጫማቸውን ደፍተው ውኃውን አፈሰሱ።

ከገደሉ ፊት ለፊት፣ ከዋናው ወንዝ ወዲህ ሲደርሱ ሁለት ሰዎች ቀድመዋቸዋል። ቀንድ ለመሸጥ የሚያድኑ ናቸው። የአንደኛው ክንድ በጨርቅ ታስሯል፤ ሌላው ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሟል።

«ጎሹ የእኛ ነው። እኛ ነን ያቆሰልነው» አለ ባለጠመንጃው። ሥራን ጀምሮ ለሰው መተው ይህን ያህል ሲያኮራ አይቶ የሚያውቅ የለም።

«ቀንዱን ውሰዱት» አለች። «እኔ የመጣሁት ከበላዩ ላለው ሰው ነው።»

«እንግዲያው ቶሎ በይ። የገደሉ ጥላ ምንጩን ሊሸፍነው ነው። ካልተኮስሽ እኔ እተኩሳለሁ።»

የእሱ ጥይት እዚያ ድረስ ቢሄድም የት እንደሚያርፍ እሱም አያውቅም። ስለዚህ ቸኮለች። ድንጋይ ተደግፋ በደረቷ ተኛች። ምንጩ ከእነሱ ከፍ ብሎ ማዶ ነው። ተኝቶ ወደ ላይ መተኮስ ደግሞ ዓይንን ጭራሽ መነጽሩ ላይ ይለጥፋል፤ ጠረጴዛ ላይ ሲሞክሩ ይህን አንዳቸውም አላሰቡትም።

ጎሹ የመነጽሩን ክብ ሞላው። እርጥብ አፍንጫው፣ ቁስሉ ላይ የተከመረው ዝንብ፣ ሁሉም ይታያል። ሽማግሌው እውነታቸውን ነበር፤ ጠጉሩ ይቆጠራል። መስመሩን ትከሻው ላይ አሳረፈች። ጣቷ ቃታ ላይ አረፈ።

የተሰነጠቀው ቅንድቧ ይጠዘጥዛት ጀመር። ፈራች። ጎሹን አይደለም፤ ያንን ጠርዝ ነው የፈራችው። ሳታስበው ራሷን ቀና አደረገች።

ያኔ በባዶ ዓይኗ ከመነጽሩ በላይ አየች። ከጎሹ ጀርባ፣ ልክ በጥይቱ መስመር ላይ፣ ግራጫ ነጥብ ይንቀሳቀሳል። በደረቱ የሚሳብ ሰው ነው። ጥሙ አሸንፎት፣ ሲያጓራ የዋለው ጎሽም ዝም ሲል ሄደ ብሎ ወርዷል። ወደ መነጽሩ ተመለሰች፤ በዚያ ውስጥ ጎሽ ብቻ ነው ያለው። ይቺ ጠመንጃ ደግሞ ጎሽ በስታ ታልፋለች።

ጣቷን ከቃታው ላይ አነሣች።

«ምን ሆንሽ?» አሉ ሽማግሌው።

«ልጅዎ ከኋላው ነው።»

ባለጠመንጃው ተነሥቶ አነጣጠረ። «ዞር በሉ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ።» ሽማግሌው ሄደው አፈሙዙ ደረታቸውን እስኪነካ ፊት ለፊቱ ቆሙ። ሰውዬው ረገማቸው፣ ገፋቸው፤ እሳቸው ግን ንቅንቅ አላሉም።

እሷ ማሰሪያውን ፈትታ ትልቁን አወረደች፤ ካልሲውን አውጥታ ትንሹን ገጠመች። አሁን ጎሹ የአውራ ጣት ጥፍር ያክላል፣ ባሏም ከዚያ ያንሳል። ግን ሁለቱም አንድ ክብ ውስጥ ናቸው። ጠበቀች። ጥላው እየወረደ ነው፤ አሁንም ጠበቀች።

ጎሹ ጆሮውን አቆመ። ብድግ ብሎ ዞረ። ባሏ ባለበት ደርቆ ቀረ። ጎሹ ሽታውን ሊይዝ ወደ ግራ ተራመደ፤ ከኋላው ቀይ አፈር ብቻ ሆነ።

ተኮሰች። ጠመንጃዋ ትከሻዋን ደበደበች እንጂ ዓይኗ ጋ አልደረሰችም። ጎሹ ተንበረከከ፣ ተነሣ፣ ቀንዱን ደፍቶ ወደ ሰውየው ሮጠ። ያን ጊዜ «አንዴ» የምትባለው ሴት ለሁለተኛ ጊዜ ተኮሰች። ጎሹ ውኃው ውስጥ ወድቆ ቀረ።

በላይኛው መሻገሪያ ዞረው ሲደርሱ ባሏ ፊቱን ምንጩ ውስጥ ነክሮ አገኙት። ቀና ብሎ ቅንድቧን አየ።

«ማነው የመታሽ?»

«አባትህ።»

ሳቀና እግሩን ስላመመው ተወው። «ግን ከዚያ ሁሉ ርቀት እንዴት አየሽኝ?»

«ፈርቼ» አለች።

ቀልዱን ጠበቀ። ቀልድ አልመጣም። በትዳራቸው ዘመን ይህች ቃል ከአፏ ስትወጣ ሰምቶ አያውቅም፤ እጇን ያዘ።

ሽማግሌው ልጃቸውን ቀና ብለው አላዩትም። አጠገቡ ተንበርክከው የተሰበረውን እግር በእጃቸው ዳሰሱ። አካባቢው ቄጠማ ብቻ ነው፤ ለስብራቱ መደገፊያ የሚሆን ጠንካራ እንጨት የለም። በአሮጌው ፎጣ ጠቅልለው ያመጡትን ትልቁን መነጽር አወጡና ቅልጥሙ ላይ አጋድመው፣ ቀበቷቸውን ፈትተው ከነጭቃው ያስሩት ጀመር። ማሰሪያው ሲጠብቅ ብረቱ ድንጋዩ ላይ ተፋቀ።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ይጫራል!»

«ይጫር» አሉ ሽማግሌው።