የውዴ ቅልጥም

የውዴን ሬሳ ከኮሶዬ ገደል ሥር አውጥተው በእናቷ ግቢ አልጋ ላይ ባሳረፉበት ጠዋት አገሩ ገዳዩን አውቆ ጨርሶ ነበር። ምትኩ ነው፤ እጮኛዋ። ውዴ ውኃ ልትቀዳ በወረደችበት ማለዳ እሱም በገደሉ አፋፍ መንገድ ሲሄድ ታይቷል። አባቱ አያ በላቸው ደግሞ ጋብቻውን ሊያፈርስ ይዳዳው እንደነበር ያልሰማ የለም። አገር ለመፍረድ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ጠይቆ አያውቅም።

ምትኩ እጁን የፊጥኝ ታስሮ ከወይራው ሥር ተቀምጧል። ከፊቱ የሟች አጎት፣ የእናቷ ወንድም አያ አለኸኝ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ይጠብቃል። ቀብሩ እንዳለቀ ይገድለዋል፤ ይህንንም ከማንም አልደበቀም።

መቶ አለቃ ወርቅአፈራሁ ከጎንደር በጭነት ማኪና መጥቶ ግቢው የደረሰው በዚህ መካከል ነው። ጣሊያን ከወጣ ዓመታት ቢያልፉም በወገራ ምድር ካኪ የለበሰ መርማሪ ገና እንደ እንግዳ ነበር የሚታየው። ቀጭን፣ ዝግተኛ፣ ሰው ሲያናግረው ፊቱን ትቶ እጁን የሚያይ ሰው ነው። ይህ አመሉ ብዙ ሰው አስቀይሞበታል።

«ጌታው፣ ምነው በከንቱ ደከሙ?» አለው አያ አለኸኝ። «ገዳዩ ያውና ታስሮ። ከቀብር መልስ እኔ አለሁለት።»

«እሱን ቢገድሉት የበላቸው ወገን እርስዎን ይገድላል፤ የእርስዎ ልጅ ደግሞ የነሱን። ይህ ግቢ ስንት ሬሳ ይችላል አያ አለኸኝ? ካህናቱ ፍትሐቱን እስኪጨርሱ ብቻ ይታገሡኝ።»

አያ አለኸኝ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አደላደለ። «እስከዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ንጉሡም አያስቆሙኝ።»

ወርቅአፈራሁ ሬሳው ዘንድ ሲቀርብ ነውር እንዳይሆን ጎረቤቲቱን አበቡን ጠርቶ አጠገቡ አቆማት። አበቡ እንባዋም ወሬዋም ቅርብ የሆነ ሴት ናት። የልጅቱን አንገት ከበው የተነቀሱትን ሰማያዊ መስመሮች እያሳየች ታለቅስ ጀመር።

«ይህን ሁሉ ሲነቅሷት እህ አላለችም እኮ! እናቷ ‹ብታለቅሺ አዋረድሽኝ› ብላት፣ መርፌው ሲወርድባት ዝም። እንዲህ ያለች ጨዋ ልጅ ነበረች።»

መርማሪው እየሰማ ወደ እግሯ ወረደ። መዳፏና እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ በእንሶስላ ቀልቷል፤ ለሙሽርነቷ መሆኑ ነው። ከዚያ ከፍ ብሎ በግራ ቅልጥሟ ላይ ሁለት ጠጣር እብጠቶች አየ፤ ሽምብራ ሽምብራ ያካክላሉ፤ ቀለማቸው ከገላዋ ይልቅ ጠቆር ብሏል። አንደኛውን ግራና ቀኝ በሁለት ጣቱ ቆነጠጠው። ወደ ላይ በመጉበጥ ፈንታ መሐሉ ወደ ውስጥ ስርጉድ አለ። ወርቅአፈራሁ ሳያስበው እጁን ወደ ራሱ ቅልጥም ሰደደ፤ ከሱሪው ሥር ያለችውን የራሱን ጠጠር ዳሰሳት።

ቀና ሊል ሲል ሌላ ነገር ዓይኑን ያዘው። በእብጠቶቹ ላይ ቀጫጭን የተወጉ ቀዳዳዎች ነበሩ፤ ደማቸው ቅርፊት ሠርቷል። የታች ከንፈሯን ገለጥ አደረገ። ከውስጥ በኩል የጥርስ ምልክት አለ፤ እሱም መሻር ጀምሮ ነበር።

«ገደሉ ነው የጎዳት» አለች አበቡ።

«ገደል ከንፈርን ከውስጥ አይነክስም፤ የሞተ ሰው ቁስልም አይሽርም። ይህ ከመሞቷ በፊት የሆነ ነው።» የአበቡን እጆች አየ። ሊጥ ደርቆባቸዋል፤ ቅላት ግን የለባቸውም። ስለ እጇ ምንም አልጠየቃትም። «እስቲ የወደቀችበትን አሳዪኝ።»

የውዴ እንስራ ከገደሉ አፋፍ እንዳለ ነበር፤ እስከ አፉ ሞልቶ፣ በቅጠል ተወትፎ፣ እንዳይንከባለል በድንጋይ ተደግፎ። መሸከሚያ ገመዱ ተጠቅልሎ ከጎኑ ተቀምጧል። ወርቅአፈራሁ ጎንበስ ብሎ እንስራውን በጀርባው ሊያነሣ ሞከረና ከነካኪ ልብሱ ሊደፋ ሲል አበቡ በሐዘኗ መካከል ሳቅ አመለጣት።

«ብቻሽን ብትሆኚ እዚህ ታወርጂው ነበር?» አላት አፈሩን እያራገፈ።

«ምን ቆርጦኝ! ማን መልሶ ያሸክመኛል? ብቻዬን የሆንሁ እንደሆን ከቤቴ ደጃፍ በፊት አላወርደውም።»

ተመልሶ ምትኩ አጠገብ ቁጢጥ አለ። ልጁ ከንፈሩ ደርቋል።

«ለምን ሄድህ?»

«ከሩቅ ልያት ብዬ ነው ጌታዬ። ኋላ ሰው ያየኛል ብዬ አፈርሁና ሳላገኛት ተመለስሁ።»

«ብታገኝህ ኖሮ እንስራዋን አውርዳ ታወራህ ነበር?»

«እሷ? ተከናንባ እየሮጠች ታልፋለች እንጂ።»

«እግሯ ላይ ስላለው ነገር ምን ታውቃለህ?»

«የማን እግር?» አለ ምትኩ ግራ ተጋብቶ። «እኔ ፊቷን እንኳ በወጉ አላየሁም።»

አያ በላቸው ከአጥሩ ጥግ ቆሞ ልጁን ያያል።

«ጋብቻውን ሊያፈርሱ ነበር አሉ» አለው መርማሪው።

«አባት የላት፣ ማን ይቆምላታል ብዬ አንድ ሰሞን አጉረምርሜያለሁ። ቀርቷል እሱ። ጠላው ተጠንስሷል፣ ዳሱ ተጥሏል!»

«በጤናዋ ነገር ሰምተው ነበር?»

«ኧረ ጤናዋስ ሸጋ ነው! ምነው? ሕመም ነበረባት?»

የመጨረሻዋ እናቲቱ ነበረች። እንኳየሁ ከአልጋው ራስጌ ተቀምጣለች። ለቀስተኞቹ ሴቶች ደረታቸውን ሲደቁ እሷ እጆቿን በኩታዋ ውስጥ ሸሽጋለች። ከጎኗ ታናሽ ልጇ ታየች ቆማለች፤ ድዷን የተነቀሰችበት ገና እንዳበጠ ነው። እሷም ታጭታለች።

«እትዬ እንኳየሁ፣ እግዜር ያጽናዎት። እንሶስላውን ማን አሰረላት?»

«አበቡ ናት።»

«እርስዎስ ያን ዕለት ማለዳ ወዴት ነበሩ?»

«ከቤቴ ወዴት እሄዳለሁ?»

መርማሪው አመስግኖ ተነሣ። አሁን አወቀ። ዝም ቢል ከወይራው ሥር ያለው ልጅ ይሞታል። ቢናገር ታየች እናት አልባ ትቀራለች። ሁለቱንም የሚያድን መንገድ ቢፈልግ፣ ቢፈልግ፣ አጣ።

ፍትሐቱ ሲያበቃ አራት ሰዎች አልጋውን ሊያነሡ ጎንበስ አሉ። «ይቆየን» አለ ወርቅአፈራሁ። ሁሉም ዞረው አዩት። አያ አለኸኝ ጠመንጃውን ይዞ ተነሣ።

«ውዴ በራሷ አልወደቀችም» አለ መርማሪው። «የሞላ እንስራ አውርዳ ነበር፤ በድንጋይ አስደግፋ፣ ገመዷን ጠቅልላ። ሴቶች ታውቁታላችሁ፤ መልሶ የሚያሸክማት ሰው ባይኖር አታወርደውም ነበር። ያ ሰው ምትኩ አይደለም። እጮኛዋን ብታይ ተከናንባ ታልፍ ነበር እንጂ አረፍ ብላ አታወራም። ስለዚህ ሴት ናት፤ ውዴ የምታምናት ሴት።»

ወደ አልጋው ጠጋ ብሎ ወደ ሬሳው እግር አመለከተ።

«ከመሞቷ በፊት ደግሞ ቅልጥሟን በእሾህ ወግተዋታል። እዚያ ላይ ሁለት ጠጣር እብጠቶች አሉባት። ለምን ወጓት? እዚህ አገር ገላ በእሾህ የሚወጋው አንድ ነገር ሲጠረጠር ነው።»

ስሙን አልጠራውም፤ ከሕዝቡ መካከል ግን አንዱ «ቁምጥና!» አለ። አልጋውን የያዙት ሰዎች ለቀቁት።

«አይደለም!» ወርቅአፈራሁ ድምፁን ከፍ አደረገ። «የሥጋ ደዌ የያዘው ገላ ይደነዝዛል። ውዴ ግን ከንፈሯን እስኪደማ ነክሳለች። ሕመም ያልተሰማው ሰው ለምን ከንፈሩን ይነክሳል? እሾሁ ዘልቆ ተሰምቷታል፤ ጨዋ ሆና ዋጠችው። የወጋቻት ሴት ጩኸት ብቻ ጠበቀች፤ ጩኸት ሳትሰማ ስትቀር ገላው ሞቷል ብላ ፈረደች።»

ወደ አልጋው ራስጌ ዞረ። «ከእንሶስላ በፊት የሙሽራን እግር አጥቦ ቅልጥሟን የሚያይ፣ እንሶስላውን የሚያስረው ሰው ነው። አበቡ ናት አሉኝ። የአበቡ እጅ ግን ንጹሕ ነው። እትዬ እንኳየሁ፣ እስቲ እጅዎን ያሳዩን።»

እንኳየሁ እጆቿን ከኩታዋ አወጣች። ጣቶቿ እንደ ልጇ መዳፍ ቀልተዋል።

«በቀጋ እሾህ ወጋኋት» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። «ወጋሁ፣ ዝም አለች። ደግሜ ወጋሁ፣ ዝም አለች። ልዳራት ነው? አውቄ ልዳራት? ደብቄ ባኖራትስ ጣቷ ረግፎ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ስትለምን ልያት? ለታየችስ ማን ይመጣላታል? ‹አውርጂው፣ እረፊ ልጄ፣ እኔ አሸክምሻለሁ› አልኋት። አወረደችው።»

የአያ አለኸኝ ጠመንጃ ከእጁ ወደቀ። እህቱ ናት፤ በማን ላይ ይተኩሳል?

ወርቅአፈራሁ አጠገቧ ተንበርክኮ የሱሪውን እግር ሰበሰበ። «ይቆንጥጡት» አላት። እንኳየሁ በቀላው ጣቷ ቆነጠጠችው፤ ስርጉድ አለ።

«እሾህ የወጋኝ ቦታ ነው፤ ከዓመታት በፊት። ቁስሉ ሲድን ከቆዳው ሥር እንዲህ ጠጥሮ ቀረ። እኔም እንደ እርስዎ ፈርቼ አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። ቆነጠጠኝ፣ በጥጥ ዳሰሰኝ፣ ይሰማሃል ወይ አለኝ። ይሰማኛል አልሁ። ‹የጠባሳ ዘመድ ነው፤ ካላደገና ካልደማ አትንካው፣ ወደ ሰውም አይጋባም› ብሎ ሰደደኝ። ውዴንስ እሾህ ወግቷት ነበር?»

«አምና» አለች እናቲቱ። «አጥር ስናጥር። ቀጋ ወጋት።» እጇን ከእግሩ ላይ አላነሣችም። «ቢወጉህ ያምሃል?»

«ያመኛል። እጮሃለሁ።»

«እሷንም አሟት ነበር?»

መርማሪው እጇን ከእግሩ አንሥቶ የሱሪውን እግር መለሰ።

«እኔ ነኝ አታልቅሺ ያልኋት» አለች እንኳየሁ። «ምነው አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ‹ኧረ እማ› ብትለኝ!»

የምትኩን እስር ፈቱለት። ተነሥቶ ወደ አልጋው ሊሄድ ሲል አባቱ ክንዱን ይዞ ጎተተው። «አትንካት» አለው በሹክሹክታ። ልጁ አባቱን አየ፤ ሬሳውን አየ፤ ከአባቱ ጋር ሄደ። ሕዝቡም ከተባለው ሁሉ «ቁምጥና» የምትለዋን ቃል ብቻ ይዞ እየተንጠባጠበ ከግቢው ወጣ። የአልጋውን አንድ ጫፍ አያ አለኸኝ ብቻውን ያዘ፤ ሌላውን ወርቅአፈራሁና ሁለት ካህናት ያዙት።

ከቀብር ሲመለሱ ወርቅአፈራሁ እንኳየሁን አስሮ ወደ መንገዱ ይዟት ወጣ። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ «አልቅሺ፣ ታየች» አለቻት። «አልቅሺ ልጄ።»

ታየች አላለቀሰችም። የታች ከንፈሯን ነክሳ ቆማ ነበር።