አፍንጫ የሌላት ሴስና

ፕሮፔለሩ የለም።

ሐሙስ ጠዋት አቶ ዓባይነህ የሃንጋሩን ተንሸራታች በር ገፍተው ሲገቡ መጀመሪያ ያዩት ይህንኑ ነው። አውሮፕላኗ እንደቆመች ናት። ክንፎቿ አሉ፣ ጎማዎቿ አሉ፣ ትናንት የወለወሉት መስታወት ያብለጨልጫል። አፍንጫዋ ላይ ግን ምንም የለም።

"ኧረ በሕግ አምላክ!" አሉ፣ ሰው በሌለበት።

ዞረው አዩ። ጎንበስ ብለው ከሥሯ አዩ። የሰው ቁመት የሚያህል ብረት ወድቆ የሚገኝ ይመስል! ከዚያ አንድ የቀለም ባልዲ ላይ ዘፍ አሉ።

ቅዳሜ ሊያበሯት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አቶ ዓባይነህ በስደት ከካርቱም ኦክላንድ ሲገቡ ኤርፖርት ወጥቶ የተቀበላቸው ዋልተር የሚባል ፈረንጅ ነበር። ዘመድ አይደለ፣ ያገር ልጅ አይደለ፤ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ስፖንሰር የሆናቸው ሰው ነው። ቤቱ አስቀመጣቸው። በገዛ መኪናው መንዳት አለማመዳቸው። ቀጥሎም በዚህችው ባለ ሁለት መቀመጫ አሮጌ ሴስና ማብረር አስተማራቸው። ዋልተር ሲሞት አውሮፕላኗ መጋዘን ውስጥ የአይጥ መኖሪያ ሆነች። የክንፏ ሸራ በሰበሰ፣ ሞተሯ ዛገ። ባለቤቱ ሚስስ ሩት "ካዳንካት ያንተ ናት" አለቻቸው። አዳኗት። መጀመሪያ ከታክሲ ሥራ ሲመለሱ፣ በኋላም ጡረታ ወጥተው፣ ዓመታት ፈጀባቸው እንጂ አዳኗት።

አሁን ሚስስ ሩት ዘጠናን አልፋለች። እሑድ ልጇ ጠቅልሎ ኦሪገን ሊወስዳት ነው። ከመሄዷ በፊት የባሏን አውሮፕላን ሰማይ ላይ እንድታያት አቶ ዓባይነህ ቃል ገብተውላታል። ቅዳሜ ካለፈች ሌላ ቀን የለም።

ፖሊስ አልጠሩም። ሃንጋሩን በቢጫ ቴፕ ቢያጥሩት ቅዳሜ መቅረቷ ነው ብለው ፈሩ። የደወሉት ለየወርቅውሃ ነው።

የወርቅውሃ አዲስ አበባ ወንጀል መርማሪ ነበረች። ዲቪ ደርሷት ከመጣች ወዲህ ዳውንታውን ኦክላንድ አንድ ሕንፃ ላይ ሴኪዩሪቲ ናት። ባጁን ረስቶ የመጣ ሰው እንኳ ነፍስ እንዳጠፋ አድርጋ ነው የምትጠይቀው። ተረኛ ስላልነበረች ወዲያው ደረሰች። ሳን ሊያንድሮ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራው ኤርምያስም ተጠርቶ መጥቶ ነበር። ኤርምያስን ከአገር ሲመጣ የተቀበሉት አቶ ዓባይነህ ናቸው። ሙያ አስተምረውታል፣ ማብረርም አስተምረውታል። ይህችን አውሮፕላንም አብሯቸው ነው የሠራት። ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

"ጋሼ ዓባይነህ፣ ምንም ነገር አልነኩም አይደል?" አለች የወርቅውሃ።

"ባልዲው ላይ ነው የተቀመጥኩት።"

"እሱን ይቀመጡበት።"

አውሮፕላኗን ዞረቻት። ፕሮፔለሩን የያዙት ብሎኖች አንድም አልጠፉም። በእንቁላል ካርቶን ውስጥ፣ እያንዳንዱ በየጉድጓዱ፣ ተደርድረዋል። የተቆረጠው ማሰሪያ ሽቦ ተጠራርጎ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ባዶ የቀረው የሞተሩ አፍ ደግሞ በንጹሕ ላስቲክ ተሸፍኖ ታስሯል።

"ይሄ ላስቲክ ምንድን ነው?"

"የባሕሩ እርጥበት ብረቱን እንዳያዝገው ነው።"

"እርስዎ ነዎት የሸፈኑት?"

"ኧረ እኔስ ስደርስ ተሸፍኖ ነው ያገኘሁት።"

የወርቅውሃ ሳቋ መጣ። "ጋሼ፣ ስንትና ስንት ሌባ አስሬአለሁ። የዘረፈውን ቤት ብርድ እንዳይመታው አልብሶ የሚሄድ ሌባ ግን አይቼ አላውቅም።"

"ሙያ ያለው ሰው ነዋ" አሉ አቶ ዓባይነህ።

"ቁልፍ ያለው ማነው?"

"እኔ፣ ኤርምያስ፣ ልጄ ሶልያና።"

"ሌላስ?"

አቶ ዓባይነህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አንድ ትርፍ ደጅ ካለው የዘይት ጣሳ ሥር አለ።"

"እሱን ማን ያውቃል?"

"ሰው ሁሉ።"

"ጎሽ! ኦክላንድን በሙሉ ልመረምር ነዋ።" ወደ ኤርምያስ ዞረች። "አንተስ? ማንን ትጠረጥራለህ?"

"እኔ እንጃ" አለ ኤርምያስ። ቀና ብሎ አላያትም።

"አምሐ ነው!" አሉ አቶ ዓባይነህ በድንገት። "ሽጡልኝ፣ ሽጡልኝ ብሎ ነፍሴን ሲበላት ነው የከረመው።"

አምሐ ሳን ሆዜ ሬስቶራንት አለው። አውሮፕላኗን ጣራው ላይ ሊሰቅላት፣ ደንበኛውም ከሥሯ ቁጭ ብሎ ጥብሱን እንዲበላ ነበር ሐሳቡ። አቶ ዓባይነህ ይህን ሲሰሙ አንድ ሳምንት አኩርፈውታል።

የወርቅውሃ መኪናዋን አስነስታ ሳን ሆዜ ወረደች። ሬስቶራንቱ በር ላይ ቆም አለች። ከባንኮኒው በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ አንድ ትልቅ ፕሮፔለር ተሰቅሏል።

"አውርደው" አለች።

"ደህና አደርክ አይባልም?" አለ አምሐ።

"ደህና አደርክ። አውርደው።"

አምሐ ወንበር ላይ ወጥቶ በአንድ እጁ አወረደው። በአንድ እጁ! የወርቅውሃ ተቀብላ መዘነችው። ትራስ እንኳ ከሱ ይከብዳል። ላዩ ብር ቀለም የተቀባ ፎም ነው።

"ኦንላይን ነው ኦርደር ያደረግኩት" አለ አምሐ። "ምን ሆነሻል?"

ነገረችው። ሰውየው በመጀመሪያ በገነ። "እኔ ሌባ? ጋሼ ዓባይነህን? ዲፖዚት አጥቼ ቤት ስከለከል ኮሳይን አድርገው ዋስ የሆኑኝን ሰው?" ከዚያ ድምፁ ቀነሰ። "ቆይ፣ ቅዳሜስ? አሮጊቷስ?"

"ቀረባት።"

"አይቀርም!" አለና ስልኩን አወጣ። "እኔ ሰው አውቃለሁ። አንቺ ሂጂ፣ ሌላ ሰው ሌባ በይ።"

ይቅርታ ሳትጠይቀው ወጣች። ያኔ አላሰበችውም። መኪናዋ ውስጥ ሆና ለሶልያና ደወለች። ሶልያና ነርስ ናት፤ እዚሁ የተወለደች፣ አማርኛ ከምትናገረው የምትሰማው የሚበልጥ።

"ሶልዬ፣ የአባትሽ ፕሮፔለር…"

"የስ፣ እኔ ወሰድኩት።"

የወርቅውሃ ሞተሩን አጠፋች። "ምን አልሽኝ?"

"ትናንት ወሰድኩት። አንድ ከፊት፣ አንድ ደግሞ ከጎን ወሰድኩ።"

"ስንት ጊዜ ነው የምትወስጂው?"

"ሜይቢ አስር? ግን ሶሪ፣ የመጀመሪያው ብለሪ ነው።"

"ብለሪ?… አንቺ ልጅ! ፎቶ ነው የምትዪኝ? ፎቶ ይነሳል እንጂ ይወሰዳል እንዴ! ልታሳስሪኝ ነበር እኮ።"

"ኦ ማይ ጋድ፣ ሰው ሰረቀው?" ሶልያና ደነገጠች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "እሙ፣ አባዬ ሂምሰልፍ አስቀምጦት ረስቶ ከሆነስ? አሁን አሁን ይረሳል። አይ አም ስኬርድ፣ ፈራሁ። ቁልፉን ልቀበለው ነበር ያሰብኩት።"

"ያለሽን ሁሉ ላኪልኝ" አለቻት የወርቅውሃ። ልቧ ግን ከበዳት።

ከፎቶዎቹ ጋር አንድ አጭር ቪዲዮ መጣ። ትናንት ከሰዓት የተነሳ ነው። አቶ ዓባይነህ አብራሪው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ወደ ካሜራው እየሳቁ፣ መሪውን እንደ መኪና ወደ ቀኝና ወደ ግራ ያዞራሉ። ከኋላ ክንፉ ጫፍ አጠገብ ኤርምያስ ቆሞ ይስቃል። ድንገት ሳቁን ያቆማል። ክንፉን ያያል። አፉን ይከፍታል። አቶ ዓባይነህን ያያል። አፉን ይዘጋል።

የወርቅውሃ መልሳ አየችው። ደጋግማ አየችው። ሰው ምን ቢያይ ነው እንዲህ የሚሆነው?

አርብ ጠዋት ሃንጋሩ ስትደርስ አቶ ዓባይነህ እዚያው ታጣፊ አልጋ ላይ ነው ያደሩት። "ጅራቷንም እንዳይወስዱብኝ" ይላሉ። ኤርምያስም አለ፣ ዓይኑ ቀልቷል። ገና ሰላም ሳይባባሉ የአቶ ዓባይነህ ስልክ ጮኸ። ስፒከር ላይ አደረጉት።

"ጋሼ!" አለ አምሐ። "ተገኘ! ልክ የርስዎ ዓይነት፣ አንድ ፈረንጅ ጋራዥ ውስጥ። ፈትሸን በጭነት መኪና እያመጣሁት ነው። ነገ ይበራሉ!"

"እሰይ! እሰይ! ተባረክ፣ ዘርህ ይባረክ!" አቶ ዓባይነህ ባልዲውን ገልብጠው ተነሱ።

"አይሆንም!" አለ ኤርምያስ።

ሁሉም ዞረው አዩት።

"ማለቴ… ልኩ ላይሆን ይችላል።" ፊቱ አመድ መስሏል።

የወርቅውሃ ክንዱን ይዛ ወደ ደጅ አወጣችው።

"የት ነው ያስቀመጥከው?"

"ምኑን?"

"ኤርምያስ፣ አታድክመኝ። እንደዚያ ጠርጎ፣ ደርድሮ፣ ሸፍኖ የሚሄድ ጋሼ ያስተማሩት ሰው ብቻ ነው። ሌላ ፕሮፔለር ተገኘ ሲባል ደስ ያላለህ አንተ ብቻ ነህ፤ ጭራሽ ልታለቅስ ነው የደረስከው። ረቡዕ ክንፉ ላይ ምን አየህ?"

እንባው መጣ።

"መኪናዬ ውስጥ ነው። በልጄ ብርድ ልብስ ጠቅልዬዋለሁ።"

"ለምን?"

"መሪው ተገልብጧል፣ እታለም። ወደ ቀኝ ስታዞሪው አውሮፕላኗ ወደ ግራ ትጋደማለች። አውሮፕላን የሚፈትሸው ኢንስፔክተር አይቶ ከፈረመ በኋላ ጋሼ 'የመሪው ገመድ ላላ' ብለው ብቻቸውን ፈትተው አሰሩት። አቀያይረው። ዳግመኛ መታየት እንዳለበትም ረሱት። ተነስታ ትንሽ ዘንበል ስትልባቸው ላቅናት ይላሉ፣ ይብሱን ይገለብጧታል። በቃ፣ አለቀ።"

"ታዲያ አፍ የለህም?"

"ምን ብዬ? ተሳስተዋል ብዬ? ብሎን መያዝ ያስተማሩኝን ሰው? ሶልያና ደግሞ ሰበብ ነው የምትጠብቀው። ይህን ብትሰማ ዳግመኛ እዚህ በር አታደርሳቸውም። ክንፉን ከፍቶ ማስተካከል የሙሉ ቀን ሥራ ነው። ፕሮፔለሩ ከጠፋ ተስፋ ቆርጠው ቤት ይገባሉ፣ እኔ ሠርቼ እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ጭራሽ አልጋ አመጡ!"

"ይሉኝታ!" አለች የወርቅውሃ ግንባሯን ይዛ። "በቢላ የተገደለ አይቻለሁ፣ በመርዝ የተገደለ አይቻለሁ። በይሉኝታ ግን ልናይ ነበር። ግባና ንገራቸው።"

"አልችልም።"

"እንግዲያው ክንፉ ይንገራቸው።"

ገብታ አቶ ዓባይነህን አብራሪው ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው። "ጋሼ፣ እኔ መሃይሟ እንዲገባኝ መሪውን ወደ ቀኝ ያዙሩልኝ። እኔን አይዩ፣ ክንፉን ይዩ።"

እየሳቁ አዞሩት። በቀኙ ክንፍ ጫፍ ያለችው ታጣፊ ሰሌዳ ቀና ማለት ሲገባት ወደ ታች ወረደች። ሳቃቸው ቆመ። ወደ ግራ አዞሩት። ወደ ቀኝ መለሱት።

"ማነው ይሄን…" ብለው ጀመሩና ተዉት። እጃቸውን ገልብጠው አዩት።

"እኔ ነኝ" አሉ።

ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ኤርምያስ ዞሩ። "ፕሮፔለሩን አንተ ነህ?"

"አዎ ጋሼ።" አንገቱን ደፋ።

አቶ ዓባይነህ ከአውሮፕላኗ ወርደው ሄዱና ጭንቅላቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባሩን ሳሙት። እያለቀሱ ነበር። "ዋልተር ተቀብሎኝ ሕይወቴን ሰጠኝ እል ነበር። አንተ ደግመህ ሰጠኸኝ። እግዜር ይስጥህ ልጄ።" ወዲያው ደግሞ ጆሮውን ቆነጠጡት። "ብትነግረኝስ ኖሮ? አምሐ ባያገኝ ኖሮ ሩት ቅዳሜ ቀርታባት ነበር! አግኝቶም ብበር ደግሞ እኔ አልቄ ነበር!"

"ከበደኝ ጋሼ።"

"እኔስ ስወድቅብህ ልከብድህ አልነበረም?"

ለሶልያና ራሳቸው ደወሉ። ምንም ሳይደብቁ ነገሯት። ልጅቷ አለቀሰች፣ ተቆጣች፣ ከዚያ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ መጥታ ባትሪ ያዘችላቸው። ቁልፉን አልተቀበለችም። "ብቻህን ምንም አትነካም፣ ዲል? ተስማማህ?" አለች። "ዲል" አሉ አቶ ዓባይነህ። ክንፉ ተከፈተ፣ ገመዱ በየቦታው ገባ፣ ፕሮፔለሩም ተመልሶ ታሰረ፣ ኢንስፔክተሩ ተመልሶ አይቶ ፈረመ። አምሐ ያመጣው ፕሮፔለር ሳያስፈልግ ቀረ። የወርቅውሃ እንደ ምንም ብላ ይቅርታ ጠየቀችው፤ እሱም ጥብስ እንድትበላለት አስማላት።

ቅዳሜ ሰማዩ ጠራ። ኤርምያስ መጀመሪያ ብቻውን ተነስቶ በባሕረ ሰላጤው ላይ ዞረ። በሰላም አረፈ። ሁሉም አቶ ዓባይነህ አሁን ይገባሉ ብሎ ሲጠብቅ እሳቸው የሚስስ ሩትን ክንድ ይዘው ወደ አውሮፕላኗ ወሰዷት።

"ጋሼ፣ እርስዎስ?" አለ ኤርምያስ።

"መቀመጫው ሁለት ነው። አንተ ንዳ።"

አሮጊቷን ደግፈው አስገቧት፣ ቀበቶዋን አሰሩላት። አውሮፕላኗ ተንደረደረች፣ ተነሳች፣ ውኃው ላይ ሄደች። አቶ ዓባይነህ አንገታቸውን ቀና አድርገው እስክትመለስ ድረስ አልተቀመጡም። "ተመስገን" ይላሉ፣ "ተመስገን"።

ሚስስ ሩት ስትወርድ ወደ አቶ ዓባይነህ ሄደች። እጃቸውን ይዛ ለረጅም ጊዜ አልለቅም አለች። ልጇ ቀስ ብሎ ወደ መኪናው ወሰዳት።

"እንግዲህ" አለች የወርቅውሃ፣ "ሌባውን አግኝቼልዎታለሁ። ክስ ይመሠርታሉ?"

"እመሠርታለሁ!" አሉ አቶ ዓባይነህ። "ፍርዱንም እኔው ሰጥቻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ስሳሳት ባየ ጊዜ እዚያው ፊት ለፊት ይነግረኛል። ዕድሜ ልክ!"

ሁሉም ሳቁ። ኤርምያስ ግን አልሳቀም። ዓይኑ ከጋሼ ደረት ላይ አልተነሳም።

"ጋሼ…"

"አቤት?"

"ይቅርታ ያድርጉልኝና… የሸሚዝዎን ቁልፎች አዛንፈው ነው የቆለፏቸው።"

አቶ ዓባይነህ ጎንበስ ብለው ደረታቸውን አዩ። እውነት ነው። ከላይ እስከ ታች አንድ አንድ ተዘሏል። ለአፍታ ፊታቸው ላይ አንድ ነገር አለፈ፣ ሐዘን የመሰለ። ከዚያ ቀና አሉና ደረታቸውን ሰጡት።

"ጎበዝ ልጄ" አሉ። "በል አስተካክልልኝ።"

ኤርምያስ ከላይኛው ቁልፍ ጀመረ።