ስሙ ያልተጠራ የጸሎት ርዕስ

«መስተዋቱን ቀና አድርጊው እንጂ! ሰውዬው አገጩን ብቻ ነው እኮ የሚያየው» አለች አክስቷ።

ድንቢጥ ክንዷ ዝሏል። መስተዋቱን በሁለት እጇ ከፍ አደረገችና በላዩ አሻግራ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው አየችው። ሲገባ ጺሙ ደረቱ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረውም ነበር፤ እሷም ወለል ስትጠርግ ስለቆየች ልብ አላለችውም። አሁን ጺሙ ተላጭቷል። ከአንገቱ በላይ ያለው ፊት የሒሳብ አስተማሪዋ ፊት ነው።

እሱም አወቃት። መስተዋቱን ማየት ትቶ ጉልበቱ ላይ ያለውን ፎጣ ያጣጥፍ ጀመር።

አክስቷ ምላጭ ልትቀይር ወደ ነርሷ ጠረጴዛ ሄደች። በዚህ ክፍል መቀስና ምላጭ ከነርሷ እጅ ይወሰዳል፣ ለነርሷ ይመለሳል፤ አክስቷም እንደ ተማሪ ቆማ ትጠብቃለች። ክፍሉ ሰፊ ነው። ፕላስቲክ ወንበሮች ግድግዳውን ተከትለው ተደርድረዋል፤ መስኮቶቹ ላይ የሽቦ መረብ አለ። የአእምሮ ሕሙማን የሚተኙበት ክፍል ነው። የአክስቷ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ልብስ ያጥባሉ፣ ጥፍር ይቆርጣሉ፣ ያጫውታሉ። አክስቷ ፀጉር ቤት ስላላት ፀጉር ትቆርጣለች። ድንቢጥ የመጣችው የፀጉር ቤቱ ረዳት ስለቀረች ነው፤ ያውም እያጉረመረመች።

«ቲቸር» አለች ቀስ ብላ። «ደህና ነዎት?»

ጥያቄው ከአፏ እንደወጣ ጅልነቱ ታወቃት። አስተማሪው ግን የምር መለሰላት።

«ከመጣሁበት ቀን እሻላለሁ።» ድምፁ ዝግ ያለ ነው፤ ምላሱ የከበደው ይመስላል። «ትምህርት ቤት ከርዕሰ መምህሩ በቀር የሚያውቅ የለም። እባክሽ...»

«አልናገርም።»

«ለማንም።»

«ለማንም፣ ቲቸር።»

ራሱን ነቀነቀ። «ልጆቹ ምን ይላሉ?» ሲል ጠየቀ።

«ሰላም ይሉዎታል» አለች ድንቢጥ።

ውሸት ነበር። ልጆቹ «ኤክስ» ነው የሚሉት፤ እያንዳንዱን ጥያቄ «እስቲ ኤክስን ፈልጉልኝ» ብሎ ስለሚጀምር። ፈተና ሊደርስ ሲል ድንገት የቀረ ጊዜ ክፍሉ በሳቅ ሞተ፤ «ኤክስ ጠፋ፣ ፈልጉት!» ተባለ። ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ወሬ ዞረ። የፈተና ጥያቄ አሾልኮ ተባረረ ተባለ። አሁን ግቢው ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፤ ዘበኛው እንኳ ይናገረዋል።

ወደ ቤት ሲመለሱ አክስቷ የፀጉር ማሽኑን ቦርሳ በትከሻዋ አንግታ ከጎኗ ትራመዳለች።

«ያንን ጺሙን የላጨሁትን ሰው ታውቂዋለሽ፣ አይደል?» አለች።

ድንቢጥ እርምጃዋን ፈጠን አደረገች።

«በቃ፣ አትንገሪኝ። ደግ አደረግሽ።»

ጥቂት ከሄዱ በኋላ ድንቢጥ ጠየቀች። «እቴቴ፣ ሳምንቱን ሙሉ ቆመሽ ስትሠሪ ትውያለሽ። ቅዳሜን እንኳ ለምን አታርፊም?»

«ይኸው እያረፍኩ አይደል?»

«የምሬን ነው።»

«እኔም የምሬን ነው። ባሌ የሞተ ጊዜ እንቅልፍ የሚባል ነገር ከዓይኔ ጠፋ። ጸልዪ ይሉኛል፣ እጸልያለሁ። ቃሉ ከጣሪያው ወዲያ የሚያልፍ አይመስለኝም ነበር። አንዷ የቤተ ክርስቲያን እህት ‹መቀስሽን ይዘሽ ተከተይኝ› ብላ እዚህ አመጣችኝ። የዚያን ዕለት ተኛሁ። እንዴት እንደሆነ አትጠይቂኝ፤ አላውቀውም። ሰው ለእነሱ ብዬ የምሄድ ይመስለዋል።» ቦርሳውን ወደ ሌላ ትከሻዋ አዛወረች። «በነገራችን ላይ ዛሬ መስተዋት አያያዝሽ አላማረኝም።»

የትምህርት ቤቱ የጸሎት ቡድን ማክሰኞ ከምሳ በኋላ በቤተ ሙከራው ክፍል ይሰበሰባል። የምትመራው የድንቢጥ ጓደኛ ናት። አፍ ስላላት «ዲስኩር» ይሏታል፤ እሷም ስሙን እንደ ሽልማት ነው የተቀበለችው። ልቧ ግን ደግ ነው። የታመመ ልጅ ካለ ቀድማ ቤቱ የምትገኘው እሷ ናት። ችግሩ፣ ከታማሚው ቤት ስትወጣ የሰማችውን ሁሉ ይዛ ነው የምትወጣው።

«የጸሎት ርዕስ ያለው ይናገር» አለች ዲስኩር።

አንዱ የአያቱን ጉልበት አነሳ። አንዷ የፊዚክስ ፈተናን አነሳች፤ ሁሉም «አሜን!» ያለው እሱ ላይ ነው። ከዚያ ዲስኩር ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እኔ ደግሞ ለቲቸር ኤክስ እንድንጸልይ እፈልጋለሁ። ጥያቄ አሾልኮ ተማሪን ስለበደለ እግዚአብሔር ይቅር እንዲለው።»

ሁሉም ዓይናቸውን ጨፈኑ። ድንቢጥ አልጨፈነችም።

«አላሾለከም» አለች።

ዓይኖች አንድ በአንድ ተገለጡ።

«ምን?»

«ጥያቄ አላሾለከም። አልተባረረም።»

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

ከአፏ የሚወጣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሁሉንም ዝም ሊያሰኝ ይችላል። ያው ዓረፍተ ነገር እስከ ነገ በየክፍሉ ይዞራል፤ ‹አሾላኪ› ቀርቶ ‹እብድ› ይባላል። የትኛው እንደሚብስበት አላወቀችም።

«መናገር አልችልም» አለች። «ግን አውቃለሁ።»

«እዚህ እኮ ሁላችንም ወንድምና እህት ነን» አለች ዲስኩር። «ችግሩን ካላወቅን እንዴት ነው የምንጸልይለት?»

«እግዚአብሔር ያውቀው የለ?»

አንድ ልጅ ሳቀ። ዲስኩር ፊቷ ተለዋወጠ፤ ጸሎቱም በአጭሩ ተጠናቀቀ።

በኮሪደሩ ድንቢጥ ጓደኛዋን ክንዷን ይዛ አቆመቻት። «ማነው አሾለከ ብሎ የነገረሽ?»

«ሁሉም ሰው ይላል።»

«መጀመሪያ ከማን ሰማሽ?»

ዲስኩር የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተች፣ ዘጋች። «ከማንም» አለች በመጨረሻ። «ፈተና ሊደርስ ሲል ነው የጠፋው። እና ሌላ ምን ሊሆን ይችላል ብዬ... አንዷ ስትጠይቀኝ ‹አሾልኮ ይሆናል› አልኳት። ‹ይሆናል› ነው ያልኩት እኮ! በኋላ ሰዎች ሲያወሩት እኔም እውነት መሰለኝ።»

ድንቢጥ ክንዷን ለቀቀቻት። ልትቆጣ ፈልጋ ነበር፤ ግን ዲስኩር የሚቆጧት ዓይነት ልጅ አልነበረችም በዚያች ደቂቃ። ልታለቅስ ደርሳ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የፀጉር ቤቱ ረዳት ተመልሳለች። ድንቢጥ ግን ማልዳ ተነስታ ፎጣዎቹን አጣጥፋ በር ላይ ቆመች። አክስቷ አየቻትና የመስተዋቱን ቦርሳ አሸከመቻት።

አስተማሪው ፀጉሩ ገና አላደገም፤ ወንበሮቹ አጠገብ ግን ተቀምጧል። ከጎኑ ያሉት አዛውንት የማሽኑ ድምፅ ያስፈራቸዋል። አክስቷ ማሽኑን ባስነሳች ቁጥር ተነስተው ሊሄዱ ይሞክራሉ። አስተማሪው እጃቸውን ይዞ፣ «አባባ፣ እዚህ ነኝ። ሊያልቅ ነው» ይላቸዋል። የራሱ እጅም ይንቀጠቀጣል፤ መድኃኒቱ ነው እንዲህ የሚያደርገው። ሁለት የሚንቀጠቀጡ እጆች ተያይዘው ፀጉሩ ተቆርጦ አለቀ። አዛውንቱ ራሳቸውን ዳስሰው ፈገግ አሉ።

ድንቢጥ መጥረጊያውን አስደግፋ ጠጋ አለች።

«ቲቸር፣ ባለፈው ዋሽቼዎት ነበር። ልጆቹ ሰላም አላሉዎትም።»

«ምን አሉ?»

ነገረችው። እየነገረችው ሳለ ባልነገርኩት ብላ ተጸጸተች፤ ግን ካጋመሱ በኋላ መመለስ አይቻልም። አስተማሪው ሰምቶ ሲጨርስ በአፍንጫው ሳቀ።

«አሾለከ? እኔ ጥያቄውን ገና አውጥቼ አልጨረስኩትም ነበር እኮ!»

ሳቁ ግን አልቆየም። ተነስቶ መስኮቱ ጋ ሄደ፤ በሽቦው መረብ በኩል ግቢውን እያየ ቆመ። ድንቢጥ የተጠረገውን ወለል ደግማ ጠረገችው። ጎድቼው ይሆን? ነርሷን ልጥራ? አክስቷን ቀና ብላ አየቻት፤ አክስቷ ሌላ ሰው ጆሮ ላይ አቀርቅራለች።

አስተማሪው ተመለሰና ተቀመጠ።

«ይህ በሽታ አዲሴ አይደለም» አለ። «መድኃኒት እየወሰድኩ ለዓመታት አስተምሬያለሁ፤ ማንም አላወቀብኝም። በኋላ አብረውኝ የሚጸልዩ ሰዎች ‹እምነትህ ሙሉ ቢሆን ይህ ክኒን ለምን ያስፈልግሃል?› አሉኝ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ይወዱኛል። እምነቴን ላሳይ ብዬ ተውኩት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙውን አላስታውሰውም።»

«አሁንስ? ይጸልያሉ?»

«ጠዋት ጠዋት፣ ክኒኑን ይዤ። ረጅም ጸሎት አልችልም፤ ሐሳቤ ይበተናል። ‹ዛሬን› እላለሁ፣ እውጠዋለሁ። በቃ።» አዛውንቱን በዓይኑ ፈለጋቸው፤ በሩ አጠገብ ቆመው ፀጉራቸውን ለነርሷ እያሳዩ ነው። «የእሳቸውን እጅ ስይዝ ደግሞ የኔን እረሳዋለሁ። ይህንን ምን እንደምለው አላውቅም፤ ጸሎት ይሁን ሕክምና።»

ድንቢጥ ልትጠይቀው የመጣችውን ጠየቀችው።

«ልጆቹን ምን ልበላቸው?»

እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኖረ።

«ታሟል በያቸው። ሕመሙ ምን እንደሆነና የት እንዳለሁ የኔ ጉዳይ ነው። ስመለስ መናገር ካሰኘኝ ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

«እንድንጸልይልዎትስ ይፈልጋሉ?»

አስተማሪው ቀና ብሎ አያት። «እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም እስከ ዛሬ» አለ። «ጸልዩልኝ። አትጸልዩብኝ ብቻ።»

ማክሰኞ ዲስኩር «የጸሎት ርዕስ ያለው» ስትል ድንቢጥ ቀድማ እጇን አወጣች።

«ቲቸራችን ታሟል። ጥያቄ የሚባል ነገር አላሾለከም፤ ይህን ያለ ሁሉ ተሳስቷል። ጸልዩልኝ ብሏል። ከዚህ በላይ አልናገርም።»

«ምን ታመመ?» አለ ባለፈው የሳቀው ልጅ።

«አልናገርም አልኩ እኮ።»

ልጁ ወደ ዲስኩር ዞረ። ዲስኩር ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ተከለች።

«ወሬውን ያስጀመርኩት እኔ ነኝ» አለች። «ሳላውቅ ነው የተናገርኩት። ከእኔ የሰማችሁ ሁሉ፣ ያወራችሁለት ሰው ጋ ሄዳችሁ ውሸት ነው በሉልኝ። እኔም እየዞርኩ እላለሁ።» ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ጸለየች። ዲስኩር በሕይወቷ እንዲያ በአጭሩ ጸልያ አታውቅም።

ሲወጡ ዲስኩር ከኋላ ሮጣ ድንቢጥን ደረሰችባት።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ከአክስትሽ ጋር የምትሄጂበት ቦታ አለ አሉ። የታመሙ ሰዎች ጋ ነው፣ አይደል? እኔም ልምጣ። ውሃ እቀዳለሁ፣ የፈለግሽውን እሠራለሁ። በናትሽ፣ እንደዚህ መቀመጥ አልችልም።»

ድንቢጥ ጓደኛዋን አየቻት። ዲስኩር እዚያ ክፍል ብትገባ ከሁሉም ጋር ወዲያው ትግባባለች፤ ከአዛውንቱ ጋር ያለማቋረጥ ታወራለች፤ አክስቷም ትወዳታለች። ወንበሮቹ አጠገብ የተቀመጠውንም ሰው በሩ ላይ ሆና ታውቀዋለች። አፏን ልትይዝ ትችላለች። ላትይዝም ትችላለች። ያንን የሚወስነው ግን ባለቤቱ ነው እንጂ ድንቢጥ አይደለችም።

«መጀመሪያ ጠይቄ ልንገርሽ» አለች።

«ማንን? አክስትሽን?»

«አይደለም።»

ዲስኩር አፏን ከፈተች፤ ሌላ ጥያቄ ሊመጣ ነው። ከዚያ መልሳ ዘጋችው።

«እሺ» አለች። «እጠብቃለሁ።»

ሁለቱም ጎን ለጎን ወደ ክፍል ሄዱ።