ክፍል ስልሳ አንድ

«ጽፏል! ፈሪዳ፣ ወንድሜ ጽፏል!»

ማራኪ ስልኳን ከፍ አድርጋ ይዛ የትምህርት ቤቱን ሜዳ እየሮጠች አቋረጠች። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ተቀምጣ የነበረችው ፈሪዳ ክው አለች። ስልኩን ሳታየው ነገሩ ገብቷታል።

«ነህምያ ሐሙስ ዕለት ፌስቡክ ላይ ለጥፏል። ይኸው ስሙ! ይኸው ፎቶው! አምስት ወር ሙሉ ሰው ‹ሞቷል› እያለ እናቴን ሲያስለቅሳት… አሁን ደውዬ ነገርኳት። እሁድ ቸርች ወጥታ ልትመሰክር ነው!»

የጻፈው ነህምያ አልነበረም። ፈሪዳ ራሷ ነበረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ2006፣ «ዘጠነኛው ፌርማታ» የሚባል የሬዲዮ ድራማ ነበር። ሰዎቹን ሁሉ ሜዳ ላይ በትኖ ድንገት አለቀ። ማን ዝም ይላል! የሆሳዕና፣ የዱራሜና የአንጋጫ ተማሪዎች ፌስቡክ ላይ ግሩፕ ከፍተው በየተራ ይቀጥሉት ጀመር። አቤት ያ ጊዜ! ኔትወርኩ ያለቅሳል፣ ካርዱ ቶሎ ያልቃል፤ ግን ማን ጉዳዬ ብሎ! አንዱ የድራማውን የአውቶቡስ ሹፌር ይገድለዋል፣ ሌላው በሚቀጥለው ክፍል ከሆስፒታል ያስወጣዋል። ኮሜንቱ ሁሉ ሳቅ፣ ኩርፊያና ልመና ነበር። ተያይተው የማያውቁ ልጆች «ቤተሰብ» ይባባሉ ነበር፤ የምርም ቤተሰብ ነበሩ።

ነህምያ ስልክ አልነበረውም። ፎንቆ በምትባለው የገጠር ከተማቸው ሆኖ በደብተር ሉክ ላይ ይጽፍና አጣጥፎ ለፈሪዳ አባት ለጋሽ ሙክታር ይሰጣል። ጋሽ ሙክታር የሚኒባስ ሹፌር ናቸው፤ ወረቀቱን ሆሳዕና ያደርሱታል። ፈሪዳ ደግሞ ታይፕ አድርጋ ትለጥፍለታለች። አካውንቱንም የከፈተችለት እሷ ናት። «ፓስዎርዱ አንቺ ጋ ይሁን፤ ለኔ ምን ያደርግልኛል?» ብሏት ነበር። ሰው ሁሉ «የፎንቆው» ይለው ነበር፤ የሱ ተራ ሲደርስ ግሩፑ ይቀወጣል።

ከዚያ አንድ በአንድ ጠፉ። ገሚሱ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ ገሚሱ በዚያው ቀረ። ነህምያም እንደ ብዙ የአገሩ ልጆች ደቡብ አፍሪካ እገባለሁ ብሎ ከደላላ ጋር ተነሣ። ሞያሌ ሲደርስ በሰው ስልክ ወደ ቤት ደወለ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ።

ሐሙስ ዕለት ፈሪዳ ግሩፑን ከፈተችው። አራት ወር ሙሉ ማንም ምንም አልጻፈበትም። ሰው የለቀቀው ቤት መስሎ ታያት፤ ናፍቆቱ አንጀቷን በላው። በነህምያ አካውንት ገባች፤ በሱ አጻጻፍ ክፍል ስልሳ አንድን ጽፋ ለጠፈች። ግሩፑ እልል አለ! «የፎንቆው ተመለሰ!» «ወንድሜ ይነፋል፣ ቀጥል!» ድምፃቸው ከጠፋ የከረሙ ልጆች ከዱራሜም ከሀዋሳም ብቅ ብቅ አሉ። ለአንድ ቀን ሁሉም ነገር እንደ ድሮው ሆነ፤ ፈሪዳም በደስታ አለቀሰች። ማራኪ ስልክ እንደተገዛላት አላወቀችም ነበር። ቢሆንም ማሰብ ነበረባት። አላሰበችም፣ በቃ።

አሁን ያ ስልክ ማራኪ እጅ ላይ ጮኸ።

«እማ ናት!» ማራኪ አንስታ ትንሽ አወራችና ወደ ፈሪዳ ዘረጋችው። «አንቺን ነው የምትፈልገው።»

«ፈሪዳ፣ ልጄ፣» አሉ እናትየው በሀዲይኛ፤ «ድሮም ወረቀቱን የምትገለብጪለት አንቺ ነሽ። ምን አለ ልጄ? እስቲ ንገሪኝ።»

«እማማ፣ ድራማ እኮ ነው። ስለ ራሱ አይደለም…»

«ስለ ማንም ይሁን። ከሱ የመጣ ቃል ልስማ።»

ፈሪዳ ጽሑፉን ማየት አላስፈለጋትም፤ በቃሏ ታውቀዋለች። አማርኛውን ወደ ሀዲይኛ እየመለሰች ጀመረች። «ዝናቡ እስኪያባራ ሹፌሩ ሞተሩን አላጠፋም። የዘገየ ሰው አይጠፋም፣ ትንሽ እንጠብቅ አለ…»

«እሱ ነው!» እናትየው ይስቃሉ፣ ያለቅሳሉ። «እንዲህ ነው ልጄ የሚያወራው! ተመስገን ጌታዬ፣ ተመስገን!»

ፈሪዳ ዝም ማለት ትችል ነበር። ማን ያውቅባታል? እሁድ ምስክርነቱ ይሰጣል፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ እኚህ እናትም እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ክፍል ትጽፍላቸዋለች። ከዚያም ሌላ። እስከ መቼ?

«እማማ፣» አለች። «እሱ አይደለም የጻፈው። እኔ ነኝ። በስሙ ገብቼ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የት እንዳለ አላውቅም። ናፍቆኝ ነው… ይቅር ይበሉኝ።»

ከስልኩ ውስጥ የእናትየው ግቢ ዶሮዎች ሲንጫጩ ይሰማል። ማራኪ ፊት ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ማራኪን ስጪኝ፣» አሉ እናትየው በመጨረሻ። ድምፃቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ፈሪዳ ስልኩን ዘረጋች። ማራኪ አልተቀበለችም፤ እንደቆመች ደርቃ ቀርታለች። ደወል ተደወለና ሜዳው ላይ የነበረው ተማሪ ሁሉ ወደየክፍሉ ሮጠ። ፈሪዳ አልሄደችም። ጠጋ ብላ ስልኩን ማራኪ ጆሮ ላይ ያዘችላትና፣ እናት ለልጇ የምትለውን ሁሉ አብራ እየሰማች ቆመች።