በአገር ሰዓት

«ፍላሹ የታለ?» አለ ጋሽ ሮባ።

ፈይሩዛ የመኪናውን በር ዘጋች። የቆሙት ከአሰላ መናኸሪያ ጀርባ ነው። ፍላሹን ከሂጃቧ ስር አውጥታ ሰጠችው።

ለስለላ ቢሮው «ሚዳቋ» ናት፤ ሮባ አለቃዋ ነው። ለሰልጣኞቹ ደግሞ ከሁሩታ የመጣች የባዮሎጂ መምህርት። የዘር ምርምር ማዕከሉ «አር» የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራሚንግ ስልጠና ውስጥ የተተከለችው ሌባ ለመያዝ ነበር። የሲሬ ገበሬዎች የዋግ በሽታ የማይደፍረው ገብስ አላቸው። የዘረመሉን መረጃ አንድ ሰው ለውጭ ገዢ ያሾልካል። ገዢው በስሙ ካስመዘገበው ገበሬው የገዛ ዘሩን በገንዘቡ ሊገዛ ነው።

ግማሹ መረጃ ደላላ እጅ ተያዘ። መረጃው ላይ ያዘጋጀው ኮድ የሠራበት ሰዓት ታትሟል፤ ሦስት ሰዓት። በኮምፒውተር አቆጣጠር ሌሊት ዘጠኝ መሆኑ ነው። የኮምፒውተር ክፍሉ የሌሊት ቁልፍ የነበረው አሰልጣኙ ነህምያ ብቻ። ስሙን ጽፋ የላከችው እሷው ናት። በተማሪዎቹ ፊት በካቴና ወሰዱት።

«ኮፒ አታድርጉ፤ በእጃችሁ ጻፉ። ውጤቱንም ደግማችሁ ሳታዩ አትመኑ» ይል የነበረውን ነህምያን። ለስለላ ገብታ ኮድ ያስወደዳትን ሰው።

ሮባ ላፕቶፑን ከፍቶ፣ ቀሪውን ግማሽ መረጃ ለማስረጃ ብሎ ያስቀዳበትን ፍላሽ ሰካ። ከመስጊዱ የዙህር አዛን ተሰማ።

የላፕቶፑ ሰዓት አሥራ ሁለት ተኩል ማለት ሲገባው ስድስት ተኩል ይላል።

«ጋሼ፣ ሰዓትዎ ተበላሽቷል እንዴ?»

«ምን ይበላሻል። በአገሬ ሰዓት ሞልቼው ነው። የፈረንጅ ቆጠራ አይሆንልኝም።»

ዓይኗን ከላፕቶፑ ሰዓት አልነቀለችም።

ኮዱ የሠራው በዚህ ላፕቶፕ ነው፤ ሦስት ሰዓት ሌሊት አልነበረም። ጠዋት ነበር። ያን ጠዋት ነህምያ ከወንበሯ ኋላ ቆሞ የረሳችውን ቅንፍ እያሳያት ነበር። መረጃውንም የልምምድ ኮዱንም «ማስረጃ ነው፣ ላኪ» እያለ ያስላካት ደግሞ ሮባ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። ደሟ ፈላ። ይሄ ሽበቱን የማያፍር ቀጣፊ «ሌባ ፈልጊ» ብሎ ልኳት፣ የሌባ አህያ አድርጓታል።

«ፋይሉ አልከፈት አለኝ» አለ ሮባ።

«ልክፈትልዎት።»

ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ አደረገች። የዘረመሉን ረድፎች የሚያደበላልቅ አንድ የኮድ መስመር ጻፈች።

«ምንድን ነው የምትጽፊው?»

ቅንፉን ዘጋች።

«ልምምድ ነው፣ ጋሼ።»

ወርዳ መኪናው ከዓይኗ ሲርቅ ዋናው ቢሮ ደወለች። «ሚዳቋ ነኝ። ነህምያ አይደለም፣ ሮባ ነው። ላፕቶፑን ያዙና ሰዓቱን እዩ።»

ዴራ ኬላ ላይ ያዙት። ፋይሉን ለገዢው ልኮ ጨርሶ ነበር። የላከው ግን ገለባ ነው።

ነህምያ ተፈታ። ማዕከሉ «ስሙ የተነሳ ሰው አናስገባም» አለ። ይቅርታ የጠየቀው አንድ ሰው የለም፤ ቢሮውም አፏን ዘግታ እንድትሄድ አዘዛት። ያ አንጀቷን አሳረረው።

መናኸሪያ ውስጥ መጽሐፎቹን በካርቶን ተሸክሞ አገኘችው።

«ፈይሩዛ፣ ያ ቅንፍሽ ተስተካከለ?»

«ተስተካክሏል፣ መምህር።»

«ስሜን የሰጠውን ሰው ባገኘው አልጣላውም» አለ። «ለምን ደግመህ አላየህም ብዬ ብቻ እጠይቀዋለሁ።»

«እኔ ነኝ» በማለት ፈንታ ካርቶኑን ተቀብላ አውቶቡሱ ላይ ጫነችለት። እሷ ወደ ዶዶላ የሚሄደው ሚኒባስ ላይ ወጣች። ቢሮው የሰጣት፣ በቦርሳዋ ያለው አዲሱ መታወቂያ ዘሀራ ይላል።