የሞሌፊ መድኃኒት

ፍሪጁ የለም።

ማ ሴጋሜትሲ የመኪናቸውን የኋላ በር ከፍታ ስታይ ጮኸች። ትንሹ የመኪና ፍሪጅ ከነባትሪው ተወስዷል። የባሏ የሞሌፊ ኢንሱሊን ደግሞ ያለው እሱ ውስጥ ነው።

ባልና ሚስቱ በአገሩ ወግ «ማ» እና «ራ»፣ ማለትም ወይዘሮና አቶ፣ እየተባሉ ሠላሳ አምስት ዓመት አስተምረው ጡረታ ሲወጡ፣ «አገራችንን ፈረንጅ ብቻ ነው እንዴ የሚዞራት?» ብለው ራሳቸው እየነዱ ከወጡ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። ዝሆኑን አይተዋል። ዛሬ ጨው ሜዳው መሐል ያሉትን ግዙፍ የባኦባብ ዛፎች ሊያዩ ነበር።

አሁን ሞሌፊ ስኳሩ ወጥቶ ያስመልሰዋል። ስልክ አይሠራም። መኪናቸው ያለ ባትሪው አይነሳም። ባደሩበት የጎብኚዎች ድንኳን ሰፈር ውስጥ ያለው ሌላ መንገደኛ ባይሲ ብቻ ነው፤ እሱም «ቤንዚኔ ሆስፒታል አያደርሰንም» ብሏቸዋል።

ረፋድ ላይ ሳጅን ኦናሌና ደረሰች።

«የሰፈሩ ዘበኛ ነው!» አለች ሴጋሜትሲ። «ራ ጋሌቦ! ማታ መድኃኒቱን አሳይቼ አደራ ብዬው፣ ጠዋት ስጮህ እግሬ አውጪኝ አለ።»

«እሱ አያመልጠኝም፣ ማ።»

ሳጅኗ ወደ ባይሲ ሄደች። ወፍራም የበሬ ሥጋ ፍም ላይ እየጠበሰ ነው።

«መቼ ደረስክ፣ ራ?»

«አሁን ጠዋት፤ ከሰሜን። የሌሊቱን አላውቅም።»

«በከብት በሽታ መቆጣጠሪያው ኬላ አልፈህ?»

«በየት ልምጣ ታዲያ? ጫማዬን ሳይቀር መድኃኒት አስነከሩኝ!»

«መኪናህንስ ፈተሹ?»

«ምን ያልፈተሹት አለ!»

ሳጅኗ ወደ ፍሙ ጎንበስ አለች።

«በዚያ ኬላ ጥሬ ሥጋ ወደዚህ አያልፍም። ፖሊስ ነኝ ብዬ እንኳ የሠርግ ሥጋ አስቀርተውብኛል። ከኬላው እስከዚህ ደግሞ ሥጋ ቤት የለም። ይሄ በሬ በእግሩ ነው የመጣው?»

ባይሲ ሥጋውን ከፍሙ ላይ አነሳ።

«ኬላ ከሌለበት ከደቡብ ነው የመጣኸው። ትናንት፤ በመንገዱ የዋሸ በሰዓቱም ይዋሻል። መኪናህን ክፈት!»

ፍሪጁ ብርድ ልብስ ስር ተገኘ። በሥጋ ተጠቅጥቋል። ከሥጋው ስር ኢንሱሊኑ እንደቀዘቀዘ አለ። ሴጋሜትሲ ነጥቃ ሮጠች።

«የኔ ፍሪጅ ተበላሸብኝ» አለ ባይሲ። «ለእናቴ የያዝኩት ሥጋ ሊሸት ሆነ። መድኃኒቱን ያየሁት ኋላ ነው። መመለሱ አሳፈረኝ።»

«አንተ እንዳታፍር ሰውዬው ይሙት?»

እኩለ ቀን ላይ ሞሌፊ ቀና ብሎ ሻይ ጠየቀ። ሴጋሜትሲ የሳጅኗን ሁለት እጅ ያዘች።

«ውለታሽን በምን እከፍላለሁ፣ ልጄ? እድሜ ይስጥሽ!»

«እኔን ይተዉኝ፣ ማ። ስልክ በሌለበት ማን የጠራኝ ይመስልዎታል? ዘበኛው ነው። ጩኸትዎን እንደሰማ ጨው ሜዳውን በሩጫ አቋርጦ መጣ። እኔም ጠርጥሬው ጣቢያ አስቀምጬዋለሁ። ሁለታችንንም ይቅር ይበለን።»

ሴጋሜትሲ ከሳጅኗ ጋር ወደ ጣቢያው ሄደች። ምን እንደምትል መንገዱን ሙሉ ስታሰላስል ነበር።

ራ ጋሌቦ የቆሰለ እግሩን ሳፋ ውስጥ ነክሮ ተቀምጧል። ሲያያት ከአግዳሚው ላይ እንደምንም ተነሳ።

«ማ፣ ራ ሞሌፊ መርፌውን ተወጉ?»

ያዘጋጀችው ቃል ሁሉ ጠፋባት።

«ተወጋ፣ ወንድሜ» አለችና እግሩ ስር ቁጭ ብላ አለቀሰች።