ፊት ወይስ ኋላ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ የምስቅ ሰው ነበርኩ፣ ይሄን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ጂንካ ሰፈራችን ውስጥ ልጆች ተሰብስበው ስለ ቀትር ጋኔን ሲያወሩ፣ «ቀትር ላይ የሚያሳብደው ፀሐይ ነው እንጂ ጋኔን አይደለም» ብዬ የምከራከር፣ በዚህም ከጓደኞቼ ጋር የምኮራረፍ ልጅ ነበርኩ። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ ቤተሰባችን ጴንጤ ነው፣ ጠንቋይ በራችንን አንኳኩቶ አያውቅም። ስለዚህ የምነግራችሁን እንደ ተረት አትስሙት። አጻጻፍም ብዙ አልችልበትም፣ አንዳንዱ ቦታ ላይ ስደርስ እጄ ይቆማል፣ እንደመጣልኝ እጽፈዋለሁ።

ታላቅ ወንድሜ ታምሩ አስጎብኚ ነበር። ፈረንጆችን ይዞ ከጂንካ ዲመካ፣ ከዲመካ ኦሞ ወንዝ ዳር እስካለችው ኮልቾ መንደር ሲመላለስ ነው የኖረው። አንድ የማይለቀው ደንብ ነበረው፣ «እንግዳ ይመርጣል፣ አስጎብኚ የተረፈውን ይወስዳል» ይላል። መኪና ላይ ወንበር ቢሆን፣ ድንኳን ቢሆን፣ ዓሣ ቢሆን፣ መጀመሪያ ይጠይቃል፣ የተረፈውን ይወስዳል፣ የተረፈው ምንም ይሁን ምን አያኮርፍም።

አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ሻንጣቸው ከብዷቸው አንድ መጽሔት ትተውለት ሄዱ። ስለ ትልልቅ የመዝናኛ መርከቦች ነው፣ ጥሩ እይታ ያለው ባለ በረንዳ ክፍል እንዴት እንደሚመረጥ ይናገራል፣ የመርከቡ ፎቆች ክፍል በክፍል ተስለውበታል። ማታ ማታ እየገለጥን እናየዋለን። እንግሊዝኛ በመናገር እሱ ይበልጠኛል፣ ማንበብ ግን የኔ ድርሻ ነበር።

«ካቢን ማለት ምንድነው፣ ተማሪው?» አለኝ። ስሜን አይጠራም፣ ተማሪው ነው የሚለኝ።

«ጋቢና ነዋ» አልኩት፣ ምንም ሳልጠራጠር።

«አንድ መርከብ ላይ ሺህ ጋቢና? ታዲያ ሹፌሩ ስንት ነው?»

እናታችን ከኋላ ክፍል ሆና ትሰማናለች። በረንዳ ያለው ጋቢና ነው የሚፈለገው ስላት፣ «ሰው ከፍሎ በረንዳ ያድራል?» አለች፣ «እዚህ መናኸሪያው ጋ በነፃ ያድሩ የለም እንዴ!» ታምሩ እስኪያስነጥሰው ሳቀ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈረንጆቹን በሙሉ «በረንዳ አዳሪዎቹ» ይላቸው ነበር።

መጽሔቱን በቃሌ አውቀዋለሁ። ከምግብ አዳራሹ በታች ያለውን ክፍል አትውሰድ ይላል፣ ገና ሳይነጋ ከራስህ በላይ ወንበር ሲጎተት ትሰማለህ። መሃል ላይ ያለው ብዙ አይናወጥም። ፊት ያለው ንፋስ ይበዛበታል፣ የሚመጣውን ግን ቀድሞ ያያል። ኋላ ያለው የተሄደበትን ሁሉ ሰፋ አድርጎ ያያል። ደግሞ ከነፍስ አድን ጀልባዎቹ ጀርባ ያለውን ክፍል አትምረጥ፣ እይታህን ይጋርዱብሃል ይላል። ይሄንን ስናነብ ስቀን ነበር። አሁን እሷ ዓረፍተ ነገር ጋ ስደርስ መጽሔቱን እዘጋዋለሁ።

ታምሩ ከዚህ መጽሔት ሐሳብ ያዘ። ኮልቾ ላይ፣ ኦሞ እንደ እባብ የሚጠመዘዝበት ገደል አፋፍ ላይ፣ አራት ክፍሎች እንደ መርከብ አስከትዬ እሠራለሁ፣ ሁሉም በረንዳው ወደ ወንዙ ይሆናል አለ። የመንደሩን ሽማግሌዎች አነጋገረ፣ ፈቀዱለት። እኔን ይዞኝ ሄደ፣ ችካል ተከልን፣ ሲባጎ ወጠርን። እሱ የሲባጎውን አንድ ጫፍ ይዞ ይርቃል፣ ሁለቴ ሲስብ «ያዝ» ማለት ነው፣ እኔ እይዛለሁ። በአንድ ቀን አራቱንም ክፍሎች መሬት ላይ ሣልናቸው።

በማግስቱ፣ የትኛው ክፍል ጥሩ እይታ እንዳለው ከማዶ ሆነን እንየው አለ። ወንዙ ሞልቷል፣ ደጋው አገር ዘንቦ ውሃው ቡናማ ሆኗል። የምንሻገረው ግንድ ተቦርቡሮ በተሠራች ታንኳ ነው፣ ባለቤቷ ጋሽ ዋሌ የኮልቾ ሰው ናቸው፣ ከኋላ ቆመው በረጅም እንጨት ይገፋሉ። ታምሩ ኮፍያውን አውልቆ እንደ አሽከር ጎንበስ አለልኝ።

«ጌታዬ፣ ዛሬ እንግዳዬ ነዎት። ጋቢናዎን ይምረጡ። ፊት ወይስ ኋላ?»

«ኋላ» አልኩት። መጽሔቱ ኋላ ሰፊ እይታ አለው ስለሚል ነው፣ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ፊቱ ለሱ ተረፈ።

ወንዙ መሃል ላይ ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ መጣና ታንኳዋን ከፊት መታት። ጋሽ ዋሌ ሸሚዜን ያዙ። የታምሩን የሚይዝ አልነበረም። መጽሔቱ እውነቱን ነው፣ ከኋላ ሆኖ ሁሉም ነገር ሰፋ ብሎ ይታያል፣ እኔ ሁሉንም አየሁት።

ዘጠኝ ቀን ፈለግነው። አላገኘነውም። «አዞ» የሚለውን ቃል እናቴ ፊት ማንም አላነሳም። የሚቀበር ነገር ስላልነበረ ለቅሶውም ለቅሶ አልመሰለም፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ዘመሩ፣ ድንኳኑ ፈረሰ፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ሄደ። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፣ እኔና ታምሩ የፊተኛው ላይ ነበር የምንተኛው፣ እናቴ የኋለኛው ላይ። ከዚያ ወዲህ እኔና እሷ ብቻ ቀረን።

ከሦስት ወር በኋላ እናቴ፣ «ሂድና ዕቃውን አምጣልኝ፣ ችካሉንም ንቀለው፣ እዚያ ተተክሎ መቅረቱን እያሰብኩ መተኛት አቃተኝ» አለችኝ። ሄድኩ። ከዲመካ በሞተር ነው የሄድኩት፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ስደርስ ስድስት ሰዓት ሆኗል፣ ቀትር ማለት ነው። ሁሉም እንደተውነው ነበር፣ ችካሎቹ፣ ሲባጎው፣ ያደርንበት ሸራ፣ የታምሩ ታጣፊ ወንበር። ሲባጎውን ከፊተኛው ክፍል ጀምሬ እየፈታሁ እጄ ላይ መጠቅለል ጀመርኩ።

መጀመሪያ የፍየሎቹ ቃጭል ቆመ። ፍየል ቀትር ላይ ይተኛል አልኩ። ቀጥሎ ርግቦቹ ዝም አሉ። እመኑኝ፣ ይሄም ምንም አልመሰለኝም። ከዚያ ከራሴ በላይ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። የእንጨት እግር ያለው ወንበር፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ክርርር ብሎ። ቀና አልኩ። ዛፍ የለም፣ ቤት የለም፣ ነጭ ሰማይ ብቻ ነው። አንገቴን ሳልመልስ ሁለተኛው ተጎተተ፣ ከዚያ ሦስተኛው፣ ሰዎች ለምግብ የሚቀመጡ ይመስላል።

ፀሐዩ ነው ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ፣ ምን ላድርግ። እግሬ ሥር መሬቱ በቀስታ ወዲህ ወዲያ የሚል መሰለኝ፣ ቁርስ አልበላሁም ነበር፣ እሱ ነው አልኩ። የኋለኛው ክፍል ጋ ስደርስ፣ የሲባጎው ጫፍ ገደሉ ዳር ያለው ችካል ላይ እንደታሰረ ነው፣ እኔ ወዲህ ቆሜ እየሰበሰብኩ ነው፣ ሲባጎው እጄ ላይ ተሳበ። አንዴ። ከዚያ ደግሞ አንዴ።

ያዝኩ። ምን ላድርግ፣ እጄ ራሱ ያዘ፣ ለምዷል።

ያኔ ነው የጠየቀኝ። ከወንዙ አይደለም፣ ከሰማይም አይደለም፣ አውቶብስ ውስጥ አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው በሚያወራችሁ ልክ ነው። ለእንግዳ በሚያወራበት፣ ሳቅ ባለበት ድምፁ።

«ፊት ወይስ ኋላ?»

አፌን ከፈትኩ። ምን ልል እንደነበር እስከዛሬ አላውቅም። ከጀርባዬ ኮቴ ሰማሁና ዘወር አልኩ፣ ጋሽ ዋሌ ናቸው። በሁለት እጃቸው ሁለት ቅል ውሃ ይዘዋል። ዙሪያውን አዩ።

«ሌላ ሰው የት ሄደ?» አሉኝ። አማርኛቸው እንደዚህ ነው።

«የትኛው ሰው ጋሽ ዋሌ? ብቻዬን ነኝ።»

«ገመድ ሁለት ሰው ይዞ ነበረ። እኔ ከላይ አየ። ውሃ ለሁለት ሰው መጣ።» ከዚያ የእጄን ሲባጎ አዩ። አንዱን ቅል ሰጡኝ። ሌላውን ውሃ ችካሉ ሥር አፈሰሱት፣ ቀስ ብለው፣ ሰው ሲያጠጡ እንደሚደረገው። «ሂድ» አሉኝ፣ «ዛሬ ሂድ።»

የኋለኛውን ችካል ሳልነቅለው መጣሁ። አሁንም እዚያው ነው።

ለእናቴ አንድም ነገር አልነገርኳትም፣ ይሄን ልብ በሉልኝ። ወንበሩንና ሸራውን ሰጠኋት፣ አቅፋው አለቀሰች፣ በቃ። በሳምንቱ ጠዋት ሻይ እየጠጣን ሳለ ወደ ቆርቆሮው ቀና አለች።

«ጣሪያችን ላይ ወንበር የሚጎትተው ማነው?» አለችኝ።

«ድመት ይሆናል እማዬ።»

«ድመት ሰው አይጠይቅም።» ድምፅዋ የተረጋጋ ነው፣ ደስ ያላት ሁሉ ይመስላል። «ልጄ መጥቶ ጠየቀኝ። ፊት ነው ኋላ ነው እያለ፣ እንደዚያ እንደሚቀልደው።»

ብርጭቆውን አስቀመጥኩ። «ምን ብለሽ መለስሽለት?»

«ምን እላለሁ? ወንድምህ ይምረጥ፣ እኔ የተረፈውን እወስዳለሁ አልኩት።»

ይኸው ስንት ጊዜ ሆነው፣ ውጭ ነው የማድረው። የፊተኛው ክፍል ውስጥ አልተኛም፣ የኋለኛውም ውስጥ አልገባም፣ በረንዳው ላይ ፍራሽ ዘርግቼ ዝናብ ሲመጣ ሸራውን እለብሳለሁ። የሰፈር ልጆች በረንዳ አዳሪው ይሉኛል፣ ይሳቁ። እናቴ በበሩ ብቅ እያለች፣ «ግባ እንጂ ልጄ፣ ብርድ ይገድልሃል፣ የፈለግከው ላይ ተኛ፣ ምረጥ» ትለኛለች። አንዱን ከመረጥኩ የተረፈው ለሷ ነው፣ እንዳልሰማ እሆናለሁ። ከሷ በላይ፣ ቆርቆሮው ላይ፣ ወንበሩ ይጎተታል፣ ከዚያ ዝም ይላል፣ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው።